ከባሕር የራቀ የባሕር ጉዳይ፦ የውቅያኖስ አስተዳደርና ሰብዓዊ ደኅንነት ከናይሮቢ ሲታይ

መግቢያ

ናይሮቢ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከሞምባሳ ወደብ ደግሞ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ስሟ ከማሳይ ቋንቋ የተወሰደ ሲሆን ቀዝቃዛ ውኃን ያመለክታል፤ ውኃው ግን የወንዝ እንጂ የባሕር አይደለም። ሆኖም ከተማዋን የወለዳት ባሕሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1899 የተቆረቆረችው ከሞምባሳ ተነሥቶ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይዘረጋ ለነበረው የባቡር ሐዲድ ማረፊያና የዕቃ ማከማቻ ጣቢያ ሆና ነው። ዛሬም ነዳጇ፣ ስንዴዋና ተሽከርካሪዋ በአብዛኛው የሚገባላት በዚያው ወደብ በኩል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋን ከባሕር ጋር የሚያስተሳስራት ሌላም ጉዳይ አለ። ባለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ባሕርን ከተመለከቱ ዐበይት ሕግጋት መካከል በርካቶቹ በናይሮቢ ተፈርመዋል፣ በናይሮቢ ተወስነዋል፣ ወይም ከናይሮቢ በተላኩ ዲፕሎማቶች ለዓለም ቀርበዋል። በኖቬምበር 2018 ኬንያ ከካናዳና ከጃፓን ጋር በመሆን ስለ ዘላቂ የባሕርና የውኃ ሀብት ኢኮኖሚ የመከረውን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤ ያስተናገደችውም በዚህችው ከተማ ነው።

የባሕር ጉዳይ ከባሕር ርቆ የሚወሰን መሆኑ በራሱ ጉድለት አይደለም። ጥያቄው የሚነሣው ውሳኔው ማንን ታሳቢ አድርጎ እንደተወሰነ ሲመረመር ነው። የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የቀይ ባሕር አስተዳደር በዋነኛነት የተገነባው ባሕርን በመንግሥታት መካከል ለማካፈል ነው። በሰው ላይ የሚደርሰው አደጋ ግን የሚበረታው በክፍፍሉ ስፌት ላይ፣ የአንዱ ሥልጣን አብቅቶ የሌላው ሳይጀምር በሚቀርበት ቦታ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት በተጨባጭ ጉዳዮች ማሳየት፣ በክፍተቱ የሚጎዱትም ጠረፍ ላይ የሚኖሩት ብቻ እንዳልሆኑ ማስረዳት ነው።

የሁለቱ ፅንሰ ሐሳቦች ትርጉም

“አስተዳደር” የሚለው ቃል በተለመደ አጠቃቀሙ ቢሮንና ሹመትን ያስታውሳል። “የውቅያኖስ አስተዳደር” ሲባል ግን ትርጉሙ ሰፊ ነው። ስለ ባሕርና ስለ ሀብቱ ውሳኔ የሚሰጥባቸው፣ ውሳኔው የሚፈጸምባቸውና አለመግባባት የሚዳኝባቸው ደንቦች፣ ተቋማትና ልማዶች ሁሉ በውስጡ ይጠቃለላሉ። በተባበሩት መንግሥታት ደረጃ የሚፈረም ስምምነት፣ የአንድ ሀገር የዓሣ ሀብት ዐዋጅ፣ የአንድ መንደር ዓሣ አስጋሪዎች መረብ የማይጥሉበትን ወቅት የወሰኑበት ያልተጻፈ ደንብ፣ ሁሉም የአስተዳደሩ አካላት ናቸው። ሁሉንም የሚፈትኗቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው፦ የሚወስነው ማን ነው? የሚያስፈጽመው ማን ነው? ጉዳት ሲደርስ ተጠያቂው ማን ነው?

ሰብዓዊ ደኅንነት የሚለው ፅንሰ ሐሳብ በሰፊው የታወቀው የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1994 ባወጣው የሰብዓዊ ልማት ሪፖርት ነው። ከዚያ በፊት ደኅንነት ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው የመንግሥት ደኅንነት፣ ማለትም ድንበርና ሠራዊት ነበር። ሪፖርቱ የትኩረቱን ማዕከል ከመንግሥት ወደ ሰው አዛወረው፤ ደኅንነትንም በሰባት ዘርፍ ከፈለው፦ የኢኮኖሚ፣ የምግብ፣ የጤና፣ የአካባቢ፣ የግል፣ የማኅበረሰብና የፖለቲካ ደኅንነት። በዚህ አተያይ አንድ ሀገር ድንበሯ ሳይደፈር ሕዝቧ ደኅንነት ሊያጣ ይችላል።

ሁለቱ ፅንሰ ሐሳቦች የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ባሕር ምግብ ነው፤ የንግድ መንገድ ነው፤ የዝናብ ምንጭ ነው፤ ለአንዳንዱ ደግሞ የስደት ጎዳና ነው። ስለዚህ የባሕር አስተዳደር ሲላላ ከሰባቱ የደኅንነት ዘርፎች አንዱም ሳይነካ አይቀርም።

ባሕርን ያካፈለው ሕግና የኬንያ ድርሻ

እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ድረስ በሰፊው ይሠራበት የነበረው ልማድ ቀላል ነበር። የጠረፍ ሀገር ሥልጣን ከባሕሩ ዳርቻ ሦስት የባሕር ማይል ያህል ይዘልቃል፤ ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ለሁሉም ክፍት ነው። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። “ለሁሉም ክፍት” የሚለው አነጋገር በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። በተግባር ግን ባሕሩ ክፍት የነበረው ግዙፍ መርከብ ላለው ነው። በ1960ዎቹ ነጻ የወጡት የአፍሪካ ሀገራት ከሩቅ የመጡ የዓሣ ማስገሪያ መርከቦች ከደጃቸው ሀብት ሲያፍሱ ሊከለክሉ የሚችሉበት ሕግ አልነበራቸውም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ሐሳብ የኬንያ ነበር። ኬንያዊው የሕግ ባለሙያና ዲፕሎማት ፍራንክ ንጄንጋ “ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና” የተባለውን ፅንሰ ሐሳብ በጃንዋሪ 1972 በሌጎስ ለተሰበሰበው የእስያና የአፍሪካ የሕግ አማካሪ ኮሚቴ አቀረቡ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ኬንያ ሐሳቡን በረቂቅ አንቀጾች አደራጅታ በጄኔቫ ለተባበሩት መንግሥታት የባሕር ወለል ኮሚቴ አቀረበች። ከዐሥር ዓመት ድርድር በኋላ በዲሴምበር 1982 በጃማይካ የተፈረመውና በኖቬምበር 1994 የጸናው የባሕር ሕግ ስምምነት ይህን ሐሳብ ተቀበለ። በስምምነቱ መሠረት የጠረፍ ሀገር እስከ 12 የባሕር ማይል ድረስ የግዛት ባሕር አለው። እስከ 200 የባሕር ማይል ወይም ወደ 370 ኪሎ ሜትር ድረስ ባለው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጣና ደግሞ በዓሣውና በማዕድኑ ላይ ሉዓላዊ መብት አለው፤ ሌሎች ሀገራት በዚያ ቀጣና የመርከብ ጉዞና የባሕር ሥር ገመድ የመዘርጋት ነጻነታቸው ይጠበቅላቸዋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይነሣ አንድ ነጥብ አለ። የአፍሪካ ሀገራት ቀጣናውን ሲጠይቁ የባሕር በር የሌላቸውን ጎረቤቶቻቸውን አልዘነጉም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሜይ 1973 በአዲስ አበባ ባወጣው መግለጫ ባሕር አልባ ሀገራት ከጎረቤቶቻቸው ቀጣና የዓሣ ሀብት እኩል የመጠቀም መብት እንዳላቸው ተቀብሎ ነበር። በ1982ቱ ስምምነት ግን ይህ መብት ተመናመነ፤ አንቀጽ 69 የሚሰጠው የጠረፉ ሀገር አጥምዶ ከማይጨርሰው “ትርፍ” የመካፈል መብት ነው፤ ዝርዝሩም በሀገራቱ ድርድር ላይ ይወሰናል። በዚህ መልኩ ለድሃ ሀገራት ጋሻ እንዲሆን የታሰበው ሐሳብ እየዋለ እያደረ የመስመርና የይዞታ ጉዳይ ሆነ።

መስመሩና ዓሣ አስጋሪው

የመስመር ጉዳይ ምን እንደሚያስከትል በቅርብ የታየው በኬንያና በሶማሊያ ክርክር ነው። ሶማሊያ የባሕር ወሰኑ ከየብሱ ድንበር አቅጣጫ ጋር ተጣጥሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንዲዘልቅ ትጠይቅ ነበር። ኬንያ ደግሞ በኬክሮስ መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ምሥራቅ እንዲሄድ ትሻ ነበር። በሁለቱ መስመሮች መካከል የተፈጠረው ሦስት ማዕዘን ስፋት ከ100,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሁለቱ መንግሥታት በኤፕሪል 2009 ናይሮቢ ላይ የመግባቢያ ሰነድ ቢፈራረሙም የሶማሊያ ፓርላማ ሳይቀበለው ቀረ። በኦገስት 2014 ሶማሊያ ጉዳዩን ወደ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ወሰደች። ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 12 ቀን 2021 በሰጠው ውሳኔ ኬንያ ያቀረበችውን የኬክሮስ መስመር ሳይቀበል ቀርቶ፣ ከመካከለኛው መስመር በጥቂቱ የተስተካከለ ወሰን አሰመረ፤ አከራካሪው ስፍራ በአብዛኛው ለሶማሊያ ሆነ። ኬንያ ውሳኔውን እንደማትቀበል አስታወቀች።

በሁለቱ ዋና ከተሞች ክርክሩ የተነገረው በሉዓላዊነት ቋንቋ ነው። በባሕሩ ዳርቻ ያለው ኑሮ ግን ሌላ ቋንቋ ይናገራል። ከላሙ ደሴቶች እስከ ኪስማዮ ድረስ ባለው ጠረፍ የሚኖሩት ባጁኖች ከድንበሩ በፊት የነበሩ፣ ከሁለቱም ወገን ዘመድ ያላቸው የባሕር ሰዎች ናቸው። በኬንያ ጠረፍ የሚሠራው አብዛኛው ዓሣ አስጋሪ በትንሽ ጀልባ ከኮራሉ ሪፍ ብዙም ሳይርቅ ያጠምዳል። “ኩሲ” የሚባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ በሚበረታባቸው ወራት ባሕሩ ስለሚናወጥ ከቤት ይውላል፤ “ካስካዚ” የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲገባ ደግሞ የዓመቱን ገቢ ለማግኘት ይወጣል። ጥልቁን ባሕር የሚያርሱት በአብዛኛው ፈቃድ የገዙ የውጭ መርከቦች ናቸው። ለዚህ ሰው የወሰኑ ማዕዘን ከሚያሳስበው ይልቅ መስመሩን ሲሻገር እንደ ወንጀለኛ ይያዝ ወይስ እንደ ጎረቤት ይታይ የሚለው ጥያቄ ያሳስበዋል። ፍርድ ቤቱ እንዲመልስ የተጠየቀው የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን ጥያቄ አልነበረም። ሁለተኛውን ሊመልሱ የሚችሉት ሁለቱ መንግሥታት ናቸው፤ መልሱም የጋራ የዓሣ ማስገሪያ ደንብና የጋራ ጥበቃ ነው። ቱና የሚባለው ዓሣ ወሰን አያውቅም፤ ከአንዱ ቀጣና ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይኖራል። መቀመጫውን በሲሸልስ ያደረገው የሕንድ ውቅያኖስ ቱና ኮሚሽን የተቋቋመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለቤቱ ሲዳከም፦ የባሕር ላይ ውንብድና ትምህርት

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። በ1991 የሶማሊያ ማዕከላዊ መንግሥት ሲፈርስ ባሕሯ ጠባቂ አልባ ሆነ። ያለፈቃድ የሚያጠምዱ የውጭ መርከቦች ወደ ቀጣናዋ ገቡ። የጠረፍ ነዋሪዎች መረባቸው እየተቀደደ፣ ዓሣቸውም እየተጋዘ አቤት የሚሉበት ደጅ አልነበራቸውም። ከዚህ ቁጣና ከመሣሪያው መብዛት፣ ከወንጀል ቡድኖችም ስግብግብነት ተዳምሮ የባሕር ላይ ውንብድናው አደገ። ሁሉም ወንበዴ ዓሣ አስጋሪ ነበር ማለት አይደለም፤ ዓሣ አስጋሪው የተበደለበት ሁኔታ ግን ለወንበዴው ሰበብና መጠለያ ሆኖታል።

ዓለም ጉዳዩን በሙሉ ዓይኑ ያየው ንግዱ ሲነካ ነው። በሴፕቴምበር 2008 ወደ ሞምባሳ በመጓዝ ላይ የነበረችው ፋይና የተባለች መርከብ ከጫነቻቸው 33 ታንኮች ጋር ተጠለፈች። የጸጥታው ምክር ቤት በዚያው ዓመት በጁን ባሳለፈው ውሳኔ 1816 የውጭ የጦር መርከቦች በሶማሊያ መንግሥት ስምምነት ወደ ግዛት ባሕሯ ገብተው ወንበዴዎችን እንዲያሳድዱ ፈቅዶ ነበር። የተያዙትን ማን ይዳኛቸው የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቆየ። ኬንያ ከምዕራባውያን ሀገራት ጋር በገባችው ስምምነት ብዙዎቹን በሞምባሳ ለፍርድ አቀረበች። በኖቬምበር 2010 በሞምባሳ የሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የኬንያ ፍርድ ቤቶች ከሀገሪቱ የግዛት ባሕር ውጭ የተፈጸመን ውንብድና የመዳኘት ሥልጣን እንደሌላቸው ወሰነ፤ በኦክቶበር 2012 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ይህን ሽሮ ሥልጣኑ አለ አለ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ አንድን ሰው በባሕር ላይ መያዝ እንደሚቻል፣ ፍርድ ማግኘት ግን አጠራጣሪ እንደሆነ ታየ።

የጦር መርከቦች ቅኝትና በንግድ መርከቦች ላይ የተሳፈሩ የታጠቁ ጠባቂዎች ውንብድናውን ከ2012 በኋላ አበረዱት። የዓሣ ዝርፊያው ግን ያን ያህል ትኩረት አላገኘም። በዲሴምበር 2023 ሩየን የተባለች የጭነት መርከብ ስትጠለፍ ውንብድናው እንቅልፍ ወስዶት እንጂ እንዳልሞተ ታወቀ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የመርከቡን ደኅንነት ከመንደሩ ደኅንነት ነጥሎ ማስጠበቅ ለጊዜው እንጂ ለዘለቄታው አያዋጣም።

የናይሮቢ ስምምነቶችና የማይሸፍኑት

ከናይሮቢ ስም ጋር የተያያዙ ሁለት የባሕር ስምምነቶች አሉ። የመጀመሪያው በጁን 1985 የተፈረመውና በ1996 የጸናው “የናይሮቢ ኮንቬንሽን” ነው። ከሶማሊያ እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉትን የጠረፍ ሀገራትና የደሴት መንግሥታት፣ በአካባቢው ግዛት ያላትን ፈረንሳይንም ጨምሮ ዐሥር አባላትን ያቅፋል። ጽሕፈት ቤቱ መቀመጫውን ናይሮቢ ባደረገው በተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሥር ይገኛል። ዓላማው የባሕርና የጠረፍ አካባቢን በጋራ መጠበቅና ድንገተኛ ብክለት ሲደርስ መተባበር ነው። የዚህን አስፈላጊነት ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በጁላይ 2020 ዋካሺዮ የተባለች መርከብ በሞሪሺየስ ሪፍ ላይ ተቀርቅራ ወደ 1,000 ቶን የሚጠጋ ዘይት ባፈሰሰች ጊዜ ለብዙ ሳምንታት መረቡን የሰቀለው የጠረፉ ዓሣ አስጋሪ ነው።

ሁለተኛው በሜይ 2007 በናይሮቢ የጸደቀውና በኤፕሪል 2015 የጸናው ስለ ሰጠሙ መርከቦች ማስወገድ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። አንድ መርከብ ሰጥሞ ለጉዞ ወይም ለአካባቢ አደጋ ሲሆን ባለቤቱ በራሱ ወጪ እንዲያነሣው ያስገድዳል፤ 300 ቶንና ከዚያ በላይ ግዝፈት ላላቸው መርከቦችም መድን እንዲኖራቸው ያዛል። በዚህ ስምምነት ተጠያቂው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ የማያሻማ ነው፤ ባለቤቱ ነው።

የዚህ መልስ ጉድለት በቀይ ባሕር ታየ። በፌብሩዋሪ 2024 ሩቢማር የተባለች መርከብ በሁቲ ኃይሎች ሚሳይል ተመታች፤ በማርች 2 ቀን 21,000 ቶን ያህል ማዳበሪያ እንደ ጫነች ሰጠመች። የናይሮቢው ስምምነት አደጋው በጦርነት ምክንያት የደረሰ ከሆነ ባለቤቱን ከተጠያቂነት ነጻ ያደርገዋል። ስለዚህ ስምምነቱ በጸና በዐሥረኛው ዓመት ገደማ አካባቢውን በእጅጉ ያሠጋው የሰጠመ መርከብ ከሽፋኑ ውጭ በሚያስቀር ምክንያት ሰጠመ። በዚያው ሰሞን በቀይ ባሕር ወለል የተዘረጉ ሦስት የፋይበር ገመዶች ተቆረጡ፤ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ጉዳቱ የደረሰው ከተመታችው መርከብ በወረደ መልሕቅ ሳይሆን እንደማይቀር ገልጸዋል። በዚያው ዓመት በሜይ በአፍሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የተዘረጉ ሌሎች ሁለት ገመዶች ሲበጠሱ ናይሮቢን ጨምሮ በአካባቢው ከተሞች የኢንተርኔት አገልግሎት ተዳከመ። ባሕር አይቶ የማያውቀው የናይሮቢ ነጋዴ በዚያ ቀን ሥራው የተጓተተው በባሕር ወለል በደረሰ አደጋ ነው።

ግንኙነቱ ከከተማ ወደ ባሕርም ይሄዳል። የናይሮቢ ወንዝ ወደ አቲ ወንዝ ይገባል፤ አቲ ወደ ታች ሲወርድ ጋላና፣ ቀጥሎም ሳባኪ ተብሎ በማሊንዲ አጠገብ ሕንድ ውቅያኖስን ይቀላቀላል። በከተማዋ ወንዝ ዳር የተጣለ ላስቲክ መድረሻው ባሕር ነው። ኬንያ በኦገስት 2017 የላስቲክ ከረጢትን አግዳለች። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጉባኤም በማርች 2022 በናይሮቢ ባደረገው ስብሰባ የፕላስቲክ ብክለትን የሚያስቆም አስገዳጅ ስምምነት እንዲዘጋጅ ወሰነ። በዲሴምበር 2024 በቡሳን፣ በኦገስት 2025 ደግሞ በጄኔቫ የተደረጉት ድርድሮች ግን ያለ ስምምነት ተበተኑ። ውሳኔው በናይሮቢ ቢወሰንም ፍጻሜው ገና ነው፤ ወንዙ ግን መውረዱን አላቆመም።

ባሕር አልባዋ ጎረቤት

የባሕር አስተዳደር የጠረፍ ሀገራት ጉዳይ ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ከኢትዮጵያ በላይ የሚፈትን ምሳሌ በአካባቢው የለም። ኢትዮጵያ ከኤርትራ ነጻነት ከ1993 ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ንግዷ በጂቡቲ በኩል ያልፋል። በ1982 የባሕር ሕግ ስምምነቱን ከፈረሙት ሀገራት አንዷ ብትሆንም ለዐሥርት ዓመታት ሳታጸድቀው ቆይታለች። ስምምነቱ ባሕር አልባ ሀገራት በሰንደቅ ዓላማቸው መርከብ የማንቀሳቀስና በጎረቤት ሀገር በኩል ወደ ባሕር የመተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ የመተላለፊያው ሁኔታ ግን በስምምነት የሚወሰን ነው። ኢትዮጵያም ያለ ጠረፍ የራሷን የንግድ መርከቦች ታንቀሳቅሳለች፤ ባሕረኞችንም ከባሕር እጅግ ርቃ በጣና ዳር በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ታሠለጥናለች። በማርች 2012 ከኬንያና ከደቡብ ሱዳን ጋር ያስጀመረችው የላሙ ኮሪደር ፕሮጀክትም ሁለተኛ በር ፍለጋ ነው፤ የላሙ ወደብ የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በሜይ 2021 ሥራ ጀምሯል።

የባሕር ሰላም ከደጋ ማዕድ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ በኦገስት 2022 በግልጽ ታይቷል። በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የጥቁር ባሕር ወደቦች ተዘግተው ቆይተው፣ በጁላይ በኢስታንቡል በተፈረመው ስምምነት ሲከፈቱ፣ በተባበሩት መንግሥታት የተከራየችው የመጀመሪያዋ የርዳታ እህል መርከብ ብሬቭ ኮማንደር 23,000 ቶን ስንዴ ጭና ለኢትዮጵያ ተላከች፤ በወሩ መጨረሻም ጂቡቲ ደረሰች። ያ ስንዴ ለተራበው እንዲደርስ የጦር ፈንጂ የተቀበረበት ባሕር፣ ሁለት ጠባብ የባሕር ወሽመጦች፣ አንድ ቦይና በጠባቡ ሥፍራ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ብቻ ስፋት ያለው ባብ ኤል መንደብ ሰላም መሆን ነበረባቸው። ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ ባብ ኤል መንደብ በሚሳይል ሲታወክ ጂቡቲን በር ያደረገ ሀገር ሥጋት ላይ መውደቁ አይቀሬ ነው። የመርከብ ኪራይና መድን ሲንር ጭማሪው በመጨረሻ የሚከፈለው በገበሬው የማዳበሪያ ሒሳብና በከተሜው የዘይት ዋጋ ነው።

ዝናቡም ከባሕር ነው። በ2018 መኩኑና ሉባን የተባሉ ሁለት አውሎ ነፋሶች በዐረቢያ ባሕረ ገብ ምድር በረሃ ላይ ያወረዱት ዝናብ የበረሃ አንበጣ እንዲራባ አመቸ። በ2019 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ከወትሮው በላይ በመሞቁ በምሥራቅ አፍሪካ የጣለው ከባድ ዝናብ ደግሞ አንበጣውን አበረታው፤ መንጋው የኢትዮጵያንና የሶማሊያን አዝመራ ካጠቃ በኋላ በጃንዋሪ 2020 ኬንያን ባጥለቀለቀ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በሀገሪቱ ከታየ 70 ዓመት እንደሆነው ተነገረ። ከ2020 መገባደጃ ጀምሮ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ የቦረና፣ የሰሜን ኬንያና የሶማሊያ አርብቶ አደሮች ከብታቸውን አጡ። ይህን ድርቅ ካባባሱት ምክንያቶች ዋነኛው የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት መለዋወጥ ነው። በናይሮቢ አጠገብ በንጎንግ የሚገኘው የኢጋድ የአየር ንብረት ትንበያ ማዕከል የሚያወጣው ወቅታዊ ትንበያ የባሕርን ሙቀት በመከታተል ላይ የተመሠረተ ነው። ባሕርን መለካትና መረጃውን መካፈል እንግዲህ ባሕርን ከማስተዳደር ሥራዎች አንዱ ነው።

ከሁሉ የከበደው ግን ባሕሩን የሚሻገሩት ሰዎች ጉዳይ ነው። ከጂቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ ተነሥተው በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመድረስ ከሚሞክሩት ስደተኞች አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በጁን 2024 ከቦሳሶ የተነሣችና 260 ኢትዮጵያውያንንና ሶማሌዎችን የያዘች ጀልባ በየመን ጠረፍ አጠገብ ተገልብጣ 49 ሰዎች መሞታቸው፣ 140 ሰዎች ደግሞ የደረሱበት አለመታወቁ በወቅቱ ተገልጿል። የባሕር ሕግ ስምምነቱ አንቀጽ 98 ማንኛውም የመርከብ አዛዥ በባሕር ላይ በአደጋ ላይ ያለን ሰው እንዲታደግ፣ የጠረፍ ሀገራትም የፍለጋና የማዳን አገልግሎት እንዲያቋቁሙ ያዛል። ትእዛዙ የሰውየውን ዜግነትም ሆነ ፓስፖርቱን አይጠይቅም። ነገር ግን ጦርነት ባዳከመው የየመን ጠረፍና አቅም ባነሰው የሶማሊያ ጠረፍ መካከል ይህን ግዴታ የሚወጣ በቂ ኃይል የለም። ለንግድ መርከቦች ጥበቃ የብዙ ሀገራት የጦር መርከቦች በሚቀዝፉበት በዚያው ውኃ ላይ ጀልባዋ ስትገለበጥ የሚደርስላት ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ዓሣ አስጋሪ ነው። የአስተዳደሩ ክፍተት በሰው ሕይወት የሚለካው እዚህ ላይ ነው።

የተጀመሩ ሥራዎችና የሚቀራቸው

አካባቢው ሰነድ አላነሰውም። የአፍሪካ ኅብረት በጃንዋሪ 2014 በአዲስ አበባ የ2050 የአፍሪካ የተቀናጀ የባሕር ስትራቴጂን ተቀብሏል፤ በኦክቶበር 2016 ደግሞ የባሕር ደኅንነትንና ልማትን የሚመለከተው የሎሜ ቻርተር ተፈርሟል። የጂቡቲ የሥነ ምግባር ደንብ በ2009 የተቋቋመው ለውንብድና ቢሆንም በ2017 በጅዳ ተሻሽሎ ሕገ ወጥ ዓሣ ማስገርንና ሰው ማሸጋገርን እንዲጨምር ተደርጓል። ኬንያም በ2018 የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አገልግሎቷን አቋቁማለች። ይህ ሁሉ ስለ ባሕር ደኅንነት የሚታሰበው ከመርከብ ወደ ሰው ቀስ በቀስ እየተሻገረ መሆኑን ያመለክታል። የሚጎድለው ሰነዶቹን የሚያስፈጽም በጀት፣ ጀልባና የተቋማት ቅንጅት ነው።

ከታች የተጀመሩት ሥራዎች የበለጠ ያስተምራሉ። ኬንያ ከ2007 ጀምሮ በደንብ ያቋቋመቻቸው የዳርቻ አስተዳደር ማኅበራት ዓሣ አስጋሪዎች ራሳቸው የማስገሪያውን ቦታና መሣሪያ እንዲወስኑ ሥልጣን ሰጥተዋቸዋል። በሞምባሳ ደቡብ በጋዚ የባሕር ወሽመጥ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች “ሚኮኮ ፓሞጃ” በተባለው ፕሮጀክት ከ2013 ጀምሮ 117 ሔክታር የማንግሮቭ ደን በመጠበቅ በካርቦን ሽያጭ ገቢ ያገኛሉ፤ ገቢውም ለውኃና ለትምህርት ቤት ውሏል። ማንግሮቩ ማዕበል ያበርዳል፤ ለዓሣም መራቢያ ይሆናል። በዚህች ትንሽ ስፍራ ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አላቸው። የሚወስነው፣ የሚያስፈጽመውና ቢበላሽ የሚጠየቀው ይታወቃል።

ማጠቃለያ

ከቀረቡት ጉዳዮች አንድ የጋራ መልእክት ይወጣል። የባጁን ዓሣ አስጋሪ፣ በሩቢማር መስጠም የተሠጋው የጠረፍ ነዋሪ፣ ርዳታ የጠበቀው የተራበ ቤተሰብና በየመን ጠረፍ የሰጠመው ወጣት ሁሉም የተጎዱት ወይም የተሠጉት ሕግ ፈጽሞ በሌለበት ቦታ አይደለም። ሕጉ አለ፤ ተጠያቂው ግን በሁለት ሥልጣኖች መካከል ጠፍቷል። ስለዚህ የአካባቢው የባሕር አስተዳደር የሚመዘንበት መስፈርት ስንት ስኩዌር ኪሎ ሜትር ለየትኛው ሀገር ደረሰ፣ ወይም ስንት ስምምነት ተፈረመ የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። ባሕር ላይ አንድ ሰው አደጋ ሲደርስበት የሚጠራው አካል አለ ወይ፣ ሲጠራስ ይመጣል ወይ የሚለው ነው ዋናው መለኪያ።

ይህ መለኪያ ሦስት ተግባሮችን ያስከትላል። ወሰናቸውን በፍርድ ያስከለሉ ሀገራት በወሰኑ ላይ ለሚሠሩ ዓሣ አስጋሪዎች የጋራ ደንብ ሊያወጡ ይገባል። በኤደን ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር ለንግድ መርከቦች የተዘረጋው ቅኝት የፍለጋና የማዳን ግዴታን በግልጽ ሊሸከም ይገባል። ባሕር አልባ ሀገራትም ስለ ወደብ ብቻ ሳይሆን ስለ ባሕሩ ጤና፣ ስለ ዓሣውና ስለ ተሻጋሪ ዜጎቻቸው በሚመከርበት መድረክ ሁሉ የሚገባቸውን ወንበር ይዘው ግዴታውንም አብረው ሊቀበሉ ይገባል። በ1973 በአዲስ አበባ የተነገረው ሐሳብ ይህንኑ ይጠቁም ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው፤ ባሕርን የመጠበቅ ሸክምም ለጠረፉ ሀገር ብቻ ሲተው ይከብዳል፣ ከባሕሩ የሚበሉ ሁሉ ሲካፈሉት ግን ይቀላል።